ማሙሽ የመረጠው ገጽ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
ሥራ ተገኘ። አከራዬ እትዬ አልማዜ ለድንኳንና ለወንበር ኪራያቸው ድረ ገጽ አማራቸው። «ጥር ሳይገባ አድርስልኝ፤ ሰርገኛ ሁሉ አሁን ስልክ ላይ ነው የሚፈልገው።» ትልቅ ነገር አይደለም... አንድ ገጽ፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር።

ችግሩ ኮድ አልችልም። ድሮ ኮዱ የጓደኛዬ የማሙሽ ነበር፣ መልኩ የእኔ። ጦር ኃይሎች አብረን የምንሠራበት ማተሚያ ቤት ሲዘጋ እሱ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፣ አገባ፣ አስኮ ወጣ። አስኮ ሩቅ ሆኖ ነው? አንድ ታክሲ። ከሰርጉ ወዲህ ግን አልተያየንም።

ኮድ ሳይጻፍ በማውስ እየጎተቱ ገጽ የሚሠሩባቸው ሦስት ፕሮግራሞች አወረድኩ። አንዱን ገጽ በሦስቱም እሠራዋለሁ። ለማሙሽ ደውዬ ነገርኩት። «ላክልኝ፣ አብረን እንመርጣለን» አለ። አብረን! እንዲህ ከተጀመረ በየሥራው መደዋወላችን አይቀርም...

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9
አንደኛው ፕሮግራም ልቅ ነው። ያሻህን ያሻህ ቦታ ታስቀምጣለህ። ኮምፒውተር ላይ ሙሽራ የመሰለው ገጽ ስልክ ላይ ሲከፈት ድንኳኑ ጽሑፉ ላይ ወጥቶ ቁጭ። ሁለተኛው ደግሞ ግትር። ሁሉን ነገር በሳጥን በሳጥን ካልሆነ አይቀበልም። አያምርም፣ ግን አይፈርስም።

ምሳ ብቻዬን። ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ከታክሲ ረዳት ጋር ነው። እሱም «ወራጅ አለ» ብቻ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12
ሦስተኛው... ይሄስ ዓይን ያጠግባል። ፊደሉ ጥርት ያለ፣ የወንበሮቹ ፎቶ ገጹን ሞልቶ። በደስታ ስልክ ላይ እንኳ ሳልሞክረው ሦስቱንም ኢንተርኔት ላይ አወጣሁና ሊንኮቹን ለማሙሽ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ስልኬን ማየት ሆነ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13
መለሰ! «ሦስተኛው ነው ወንድሜ። ፎቶዎቹ ቁልጭ ብለዋል። በሱ ቀጥል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ድሮም ቁጥብ ነው፣ የሚላት አንዲት ነገር ግን መሬት ጠብ አትልም። «እሑድ ብቅ ልበል?» አልኩት። «ሰሞኑን ጥድፊያ ላይ ነኝ፣ እደውልልሃለሁ።» ይሁን። ዋናው መርጠናል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15
እትዬ አልማዜ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገጹን በስልካቸው ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።
«ወንበሮቼስ?»
«እነዚህ ናቸዋ...» አልኩና ዞር ብዬ አየሁ። ባዶ ሳጥን። ከላይ እስከ ታች አንድም ፎቶ የለም።
«አምሐ ልጄ፣ ባዶ ሜዳ ነው እንዴ የማከራየው?» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ገብቼ አጣራሁ። ሦስተኛው ፕሮግራም፣ አንተ ራስህ ካልጫንካቸው፣ ፎቶዎቹን ከገጹ ጋር አያወጣቸውም። እኔ ሳይ የኖርኩት እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ከኮምፒውተሬ እያነበበ የሚያሳየኝን ነው። ሌላ ማንም ሰው ቢከፍተው ባዶ ሳጥን ነው የሚያየው። ማንም።

ታዲያ ማሙሽ የቱን ፎቶ ነው ያየው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16
አልደወልኩለትም። ደውዬስ ምን እላለሁ? ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ላያስከፋኝ ብሎም ይሆናል... አንዴ ነካ አድርጎ ማየት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

ሁለተኛውን፣ ግትሩን ይዣለሁ። አንድ ነገር በቀየርኩ ቁጥር የእትዬ አልማዜን ስልክ ተውሼ አያለሁ። «ቁጥሩን ትልቅ አድርገው እንጂ፣ ለጉንዳን ነው የምትጽፈው?» ይሉኛል። ልክ ናቸው።

እሑድ፣ ጥር 3
ገጹ በአዲስ አድራሻ ከወጣ ሰነበተ። ዛሬ ከቀራንዮ አንድ ሰርገኛ አይቶት ደወለላቸው። እትዬ አልማዜ በሬን አንኳኩተው ነገሩኝ፣ መረቁኝ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ። በሩን ዘግቼ ቆምኩ። አሁን ይሄንን ለማን ይነግሯል?

ያው ለማሙሽ። «የእትዬ አልማዜ ገጽ አለቀ፣ እንደ አዲስ ነው የሠራሁት» ብዬ ጻፍኩለት። አዲሱን ሊንክ ሆን ብዬ አልላክሁም። «የታል? ላክልኝ» ካለኝ ይበቃኛል፣ ያለፈውን እረሳዋለሁ ብዬ።

ወዲያው መለሰ።
«አየሁት ወንድሜ! ምርጥ ነው!»

ምን እንዳየ እግዜር ይወቅ። መልስ አልጻፍኩለትም።