ከሁለቱም ወገን የመቱት ዶን ሊዮካዲዮ ሜርሰድ

ዶን ሊዮካዲዮ ሜርሰድ ከአባታቸው ከዶን ቶሪቢዮ ሜርሰድና ከእናታቸው ከዶኛ ካታሊና ሮሳ፣ በሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የስኳር ፋብሪካ ሰፈራችን መጋቢት 19 ቀን 1934 ተወለዱ። እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረው በፋብሪካው ባቡር ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም።

የሰፈራችን የቤዝቦል ሜዳ በግራ በኩል ከዶኛ ኤውፌሚያ አጥር ጋር ይዋሰናል። ኳስ ግቢያቸው ከገባች የመታት ሰው ራሱ ሄዶ ይለምናል፤ ካልቀናው ትወረሳለች። በቀኝ ቆሞ የሚመታ ሰው ኳሱ ወደዚያ ስለሚያደላበት፣ ዶን ሊዮካዲዮ ገና በልጅነታቸው በግራም ቆመው መምታት ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ እጁ ለሚወረውር በግራ፣ ለግራኝ ደግሞ በቀኝ እየቆሙ ወርዋሪን ሁሉ መከራ አበሉት። የዶኛ ኤውፌሚያ ልጅ ኔሬይዳ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ ግን ያለ ቦታው በቀኝ መምታት አበዙ። ልመናው ጥሟቸው ነበር።

ዶኛ ኤውፌሚያ የዋዛ ሴት አልነበሩም። በ1957 የፋብሪካዎች ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ፣ "ስማ አንተ! ከእንግዲህ አንዲት ኳስህ ዶሮዎቼ ላይ ብታርፍ ኔሬይዳን እርሳት!" አሏቸው። በማግስቱ፣ በመጨረሻው ዙር በአንድ ነጥብ ተመርተን፣ አንድ ሯጫችን ግን ቤዝ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ግራኝ ወርዋሪ ገባ። ዶን ሊዮካዲዮ እንደ ልማዳቸው በቀኝ ቆመው ኳሷን አጥሩን ቢያሻግሯት ሯጩም እሳቸውም ገብተው ዋንጫው የኛ ነበር። እሳቸው በግራ ቆሙ።

"ወደ ቀኝ ዙር እንጂ ሊዮ! አብደሃል እንዴ?" ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ሳቱ፤ ደግመው ሳቱ፤ ሦስተኛዋንም ሳቱ፤ ተሸነፍን።

ሰፈሩ አኩርፏቸው ከረመ። ዶኛ ኤውፌሚያ ግን በዚያው ሳምንት በራቸውን ከፍተው፣ "እግርህን ጥረግና ግባ" አሏቸው። በኅዳር ወር ጋብቻቸውን ፈጽመው በዚያው ግቢ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስለዚያ ቀን በተጠየቁ ቁጥር፣ "ዋንጫውንማ ማን አቅፎት ያድራል?" ይሉ ነበር።

በ2009 በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ሲከዳቸው ማንኪያውን በግራቸው አንስተው፣ "ምን ያስለቅስሻል ኔሬ? ወገን ቀየርኩ እንጂ ከጨዋታው አልወጣሁም" ብለው ባለቤታቸውን አሳቁ። እንዲህ እያሳቁን ቆይተው በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ሐምሌ 3 ቀን 2011 ዐረፉ።

ዶን ሊዮካዲዮ የሦስት ልጆች አባትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። ቤቱ ጭር ያለባቸው ባለቤታቸው ዶኛ ኔሬይዳ ትናንት የሜዳውን ልጆች ጠርተው፣ "የግቢው በር ከእንግዲህ አይዘጋም፤ እባካችሁ ልጆቼ፣ ወደዚህ ምቱ" ብለዋቸዋል። እግዚአብሔርም እንዲሁ በሩን ከፍቶ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።