የስለት ልጅ፦ ከፍርሃት ነጻ የወጡት የወንድም ኦሮንዞ ፔትራሮሊ የሕይወት ታሪክ

ወንድም ኦሮንዞ ፔትራሮሊ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1932 በፑሊያ፣ በካስተልሞሮ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ቪቶ ፔትራሮሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢማኮላታ ካርዶኔ ተወለዱ። አባታቸው በወይራ እርሻዎች ዙሪያ ያለ ሲሚንቶ የድንጋይ ካብ የሚክቡ ባለሙያ ነበሩ።

ኦሮንዞ በአራት ዓመታቸው በተስቦ ታመሙ። ሐኪሙ «ቄስ ጥሩለት» ብሎ ሲወጣ እናታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። በመንደሩ ጠባቂ በቅዱስ ሮኮ ምስል ፊት ተንበርክከውም «ልጄን አትርፍልኝ፤ በሕይወት እስካለ ድረስ በበዓልህ ቀን ከምስልህ ኋላ በባዶ እግሩ ይሄዳል» ብለው ተሳሉ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ተነሥቶ ዳቦ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በካስተልሞሮ ስማቸው «የኢማኮላታ የስለት ልጅ» ሆኖ ቀረ። የስለት ልጅ ስለቱን ካጎደለ ቅዱሱ የሰጠውን ሕይወት ዓመት ሳይሞላ መልሶ እንደሚወስድም በመንደራችን ትልቅ ትንሹ ያምን ነበር።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረው የአባታቸውን ሙያ ያዙ። ለውትድርና ሲሄዱ እንኳ ፈቃድ እየጠየቁ በየዓመቱ ኦገስት 16 ይመጡና በጋለው የመንገድ ድንጋይ ላይ እግራቸው ውኃ እስኪቋጥር ምስሉን ይከተሉ ነበር። እናታቸው በዚያች ማታ እግራቸውን በወይራ ዘይት እያሹ «ይኸው አንድ ዓመት ተጨመረልህ» ይሏቸው ነበር።

በ1957 ዋሻ ለመቆፈር ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። በሠራተኞች ማደሪያ ከጎናቸው የሚተኛው ጋኤታኖ የሚባል ሲሲሊያዊ ነበር፤ ድንች እየላጠ ወንጌል ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ ነበረው። በኖቬምበር 1958 አንድ እሑድ፣ በረዶ በሩን ዘግቶ ሳለ፣ ክርስቶስ ስለ ኃጢአተኛ ራሱን እንደ ሰጠና ሰው በነጻ እንደሚድን ሲነበብ ኦሮንዞ «በነጻ? እንደገና አንብበው!» ብለው ብድግ አሉ። ግንባራቸው ከላይኛው አልጋ ብረት ጋር ተላተመ። ጋኤታኖ ደግሞ አነበበው። አባታችን ጌታን የግል አዳኛቸው አድርገው የተቀበሉት እንዲህ እያለቀሱና እየሳቁ፣ ግንባራቸው እንዳበጠ ነው! ያን እብጠት ለእኛ ለልጆቻቸው ሲያወሩልን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደስ ይላቸው ነበር።

በ1959 ለበዓሉ ወደ ቤት ሲመለሱ እናታቸው እንደ ልማዳቸው ሳፋ አቀረቡ።

«ነገ ነው፤ ና እግርህን ልጠብህ።»

«እማዬ፣ እኔ አልሄድም።»

«ትሞታለህ!»

«በሕይወት ያኖረኝ የእግዚአብሔር ምሕረት ነው።»

«አሃ፣ እግዚአብሔርን ለማግኘት ስዊስ ድረስ መሄድ ነበረብህ? እዚህ አልነበረም?»

«እዚህም ነበር፣ እማዬ። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

በማግሥቱ እናታቸው ጫማቸውን አወለቁና በልጃቸው ቦታ ምስሉን ተከተሉ። ልጃቸው እንዳይሞት እርሳቸው ሊሄዱለት ነው። ከምስሉ ተሸካሚዎች አንዱ የሆኑት የወንድም ኦሮንዞ ታናሽ ወንድም ካታልዶ በአደባባይ «አንተ ጫማህን አጥልቀህ ቁጭ በል፣ እናትህ እሳት ላይ ትሂድልህ! መናፍቅነቱ አንሶህ ነው ጭካኔ የጨመርክበት?» ብለው ከእርሳቸው ጋር መነጋገር አቆሙ። ወንድም ኦሮንዞ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጸሎት ነበራቸው፤ እናታቸው ሳይሞቱ ከዚያ ፍርሃት እንዲያርፉ።

በ1961 ከወይዘሮ ፊሎሜና ስጎባ ጋር በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ሙሽራዋ በአደባባዩ ስታልፍ አንዲት አሮጊት በመስኮት «ምስኪን! የስለት ልጅ አግብታ በዓመቷ መበለት ልትሆን!» አለቻት። እናታችንም ቀና ብላ «እንግዲያው አታዘግዪኝ፣ ለደስታዬ ጊዜ የለኝም!» አለቻት። በጌታ ቸርነት አምሳ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ። ሊቤራን፣ ኤሊያንና ሩትን ወለዱ።

ወንድም ኦሮንዞ በአንድ አሮጌ የበቅሎ ጋጣ ውስጥ የመንደራችንን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱት አሥራ አራት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ወለሉን ያነጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። ሲዘምሩ ከአደባባዩ ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ኦገስት 16 ሲደርስ መንደሩ ሁሉ በዓይኑ ይከተላቸዋል። ታላቋ ልጃቸው ሊቤራም የአያቷን ፍርሃት ወርሳ በዚያ ቀን እንዳይወድቁ ብላ መሰላል ትደብቅባቸው ነበር። እርሳቸው ደግሞ ግቢውን እየዞሩ «ጌታ ሆይ፣ ሞት ቀርቶ መሰላሌን አሳየኝ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

እናታቸው ወይዘሮ ኢማኮላታ እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄዱ። በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በጁን 1978፣ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። በዓሉ ሲቃረብ ምግብ እምቢ አሉ። «ዘንድሮ የሚሄድልህ የለም፤ ልጄን በዓይኔ እያየሁ ልቀብረው ነው» እያሉ ቀንና ሌሊት አለቀሱ። ወንድም ኦሮንዞ ሳምንቱን ጾሙ። ለምስል ስለት መክፈል አይችሉም፤ እናታቸውንም እንዲህ ትተው መቀመጥ አልቻሉም። በመጨረሻ ለባለቤታቸው «ፍርሃቷን በክርክር ላወጣላት አልቻልኩም፤ ብቻዋን ግን አትሸከመውም» አሏት።

በበዓሉ ቀን እናታቸውን በጀርባቸው አዝለው ወጡ። የበዓሉ የሙዚቃ ባንድ ጨዋታውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም! የአያታችን ባዶ እግሮች በልጃቸው ወገብ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ነበር። ዳገቱ ላይ በጆሯቸው እንዲህ አሏቸው፦

«አንተ! ጫማ አድርገሃል እኮ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አውልቀው፣ ቅዱሱ ያየናል!»

«ስለቱ ያንቺ ነው፣ ጫማው የኔ ነው። ደግሞ አንገቴን ላላ አድርጊልኝ፣ ሳልደርስ ልትገድዪኝ ነው።»

አያታችን በዑደቱ መካከል ሳቁ። ከዚያ በፊት በበዓሉ ቀን ሲስቁ ያያቸው ሰው አልነበረም።

በዚያኑ ዕለት ካታልዶ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የወንድማቸውን ደጃፍ ረገጡ። ትከሻቸው በምስሉ መሸከሚያ ቀልቶ ነበር። «እኔ እንጨት ተሸከምኩ፤ አንተ እናታችንን» ብለው ሳይጠሩ ከማዕዱ ተቀመጡ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ኑንዚዮ ግን በማግሥቱ ጠሯቸው። «ከምስሉ ኋላ ታይተሃል፣ ወንድም ኦሮንዞ» አሏቸው። «እውነት ነው፤ ያየሁት ግን ምስሉን አይደለም፣ እናቴ እንዳትወድቅ መንገዱን ነበር» ብለው መለሱ። ሦስት ወር ከጌታ ራት ታገዱ። ቅር አላላቸውም፤ በመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው ከሁሉ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይዘምሩ ነበር። በኋላ እዚያው ቤት ሠላሳ ዓመት በሽማግሌነት አገለገሉ።

በቀጣዩ ዓመት ሊያዝሏቸው ሲመጡ አያታችን «ዘንድሮ አልሄድም። ጀርባህም ያሳዝነኛል። ተቀመጥ እስቲ፣ እንይ» አሉ። ምስሉ በሰገነቱ ሥር ሲያልፍ አያታችን ዓይናቸውን ከልጃቸው አልነቀሉም። ልጃቸው ሐብሐብ ይበሉ ነበር፤ ትን ባላቸው ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። ዓመቱ ዞሮ ኦገስት 16 ተመልሶ መጣ፤ ወንድም ኦሮንዞም ድንጋያቸውን እየካቡ ነበር!

«አልሞትክም» አሉ አያታችን።

«አልሞትኩም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማነው የሄደልህ?»

አባታችን የሃያ አንድ ዓመት ጸሎታቸው በዚህች ጥያቄ ሲመለስ አዩ። እግራቸው ሥር ተቀምጠው ወደ መስቀሉ ስለሄደው ጌታ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ አያታችን ወንጌል ሳይነበብላቸው አይተኙም ነበር። በ1986 መቁጠሪያቸውን በእጃቸው፣ የኢየሱስን ስም በአፋቸው ይዘው፣ ያለ ፍርሃት ዐረፉ። ስለ መቁጠሪያው የጠየቋቸውን ወንድም ኦሮንዞ «እጇ ለምዶታል፤ ልቧን ጌታ ያውቀዋል» ይሏቸው ነበር።

ውድ ባለቤታቸው ፊሎሜና በ2014 ወደ ጌታ ከሄደች በኋላም ወንድም ኦሮንዞ ካብ ለሚያስተምሯቸው ወጣቶች ያንን የስዊዘርላንድ እሑድ ሲተርኩ ዛሬ የሆነ ያህል ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር።

በጁላይ 2023 ልባቸው ደከመ። ሊቤራ ከበዓሉ በፊት ከመንደሩ ልታርቃቸው ፈለገች።

«አባዬ፣ ከተማ ሆስፒታል እንውሰድህ።»

«ሐኪሙ እዚሁ ይመጣ የለ?»

«በዚያ ቀን ብትሞትስ? ቅዱሱ ወሰደው ይላሉ!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ስድሳ ዓመት ብለውታል፤ አንድ ቀን ቢጨምሩ ምን አለበት? ጌታ ሲጠራኝ ይለፈኝ አልልም። ይልቅ መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ ባንዱ ዘንድሮ ጎበዝ ነው አሉ።»

ወንድም ኦሮንዞ ፔትራሮሊ የተፈራው ሁሉ ሆኖ ኦገስት 16 ቀን 2023፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባንዱ ከማዕዘኑ ብቅ ሲል፣ የሩትን እጅ ይዘው መዝሙር እያንጎራጎሩ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄዱ። ፊታቸው እንግዳ ሊቀበል የተነሣ ሰው ይመስል ነበር።

ሊቤራ የመንደሩን ቃል ፈርታ መስኮቱን ዘጋች። መጀመሪያ የመጡት የሰማንያ ስምንት ዓመቱ ካታልዶ ነበሩ። ወንድማቸውን ስመው ተቀመጡ። ሁላችንም ያን ቃል ጠበቅን። እርሳቸው ግን «ዘጠና አንድ ዓመት! ቅጣቱ ይህ ከሆነ ለኔም ይድረሰኝ!» ብለው እንባቸውን ጠረጉና መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት።

ሐዘን በገባበት ቤት ምድጃ አይነድምና ጎረቤት ነው የሚያበስለው። በዚያ ምሽት መንደሩ ከበዓል ማዕዱ ተነሥቶ መጣ። የቅዱሱን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ድስታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ደረጃውን ሞሉት። ያን ቃል አንድም ሰው አልተናገረውም። ድስት ማኖሪያ አጥተን የአባታችንን መጻሕፍት ከጠረጴዛው ላይ አነሣን።

ወንድም ኦሮንዞ የሦስት ልጆች አባት፣ የሰባት ልጆች አያትና የሁለት ልጆች ቅድመ አያት ነበሩ። ወንድማቸው ካታልዶ፣ በጌታ የወለዷቸው ልጆችና የካስተልሞሮ ሕዝብ በዚህ ቀን አብረውን ናቸው።

ነፍሳቸውን የተቀበለ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። ዛሬ ልጁን፣ እናቱን ወይም ነገን እየፈራ እዚህ የቆመ ካለ፣ አባታችንን ያሳረፈ አምላክ እርሱንም ያሳርፈው። አሜን!