አትንኪያት ያልከኝ ፋይል

አንዱዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅሜ አወጣሁ፤ ከሌን ግን እስካሁን አላወለቅሁም።

ቤታችን ጭር ብሏል። ቤዛን ሞጣ እናቴ ጋ ላክኋት፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እኔ ብቸና ተቀርቅሬ ቀረሁ። ወደ ሞጣ ዝውውሬ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ግን አንተ የሠራኸው የመዝገብ ፕሮግራም አዲሱ ሰርቨር ላይ ካልተከፈተ መልቀቂያ የለም አሉ። ከአንተ ሌላ ፕሮግራሙን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኛ! ቅዳሜ በግንደወይን በኩል ሄጄ ልጄን አቅፌ አድራለሁ፣ እሑድ እያለቀሰች ትቻት እመለሳለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጄብህ ነበር። ታመህ እንደተኛህ፣ ፕሮግራሙ መዝገቡ ከተቀመጠበት ዳታቤዝ ጋር የሚገናኝባትን ያቺን ፋይል ምንም ቢመጣ እንዳትነኪያት አልከኝ። በሦስተኛው ቀን አረፍክ። እኔ ሞኟ ኑዛዜ አደረግኋት! ሌላውን ሁሉ ስፈታ ስገጥም ከረምሁ፣ እሷን ግን ፈራኋት። ፋይሏ ለድሮው ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ኮምፒውተር የተሠራች፣ አዲሱ ሰርቨር ደግሞ ባለ ስልሳ አራት ቢት። እንደማይገጥሙ ስክሪኑ በየቀኑ እየጻፈልኝ፣ የሟች ቃል አላፈርስም ብዬ ስንት ወር ልጄን አስለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ቢጨንቀኝ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ፋይል ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ብታየኝ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር። ሰምተው ሲያበቁ፣ ለመሆኑ አትንኪ ያለሽ ለምን ነበር ብለው ጠየቁኝ። ክው አልኩ። ያኔ ቢሮ የነበረን የድሮው ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ ለእሱ ትክክለኛዋ እሷ ነበረች። የከለከልከኝ ሥራው እንዳይበላሽብኝ ብለህ እንጂ እንድታሰርባት ብለህ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ለባለ ስልሳ አራት ቢት በተሠራችው ፋይል ተካኋት። ፕሮግራሙ ወዲያው ተከፈተ። መዝገቡ አንድም ሳይጎድል ወጣ፣ አለቃችንም ከሰዓት መልቀቂያዬን ፈረሙ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የድሮውን ኮምፒውተር ሲያጠፉት ግን እንደገና የቀበርኩህ መስሎኝ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የድሮዋን ፋይል አልደመሰስኳትም። ከእንግዲህ የትም እንደማትሠራ አውቃለሁ፣ ግን በፍላሽ ይዣት እሄዳለሁ። ቤዛ ስታድግ የአባትሽ እጅ ሥራ ብዬ አሳያታለሁ። ቃልህን አፈረስኩ እንጂ አንተንስ አልረሳህም፣ እስከ ዕለተ ሞቴ።

ነገ ጓዜን ይዤ ሞጣ እገባለሁ። የፊታችን እሑድ ቤዛ አታለቅስም።