በባዶ ሰልባቲዮ የሮጥኩት ዙር

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ አልታየሽ፤
ኮምቦልቻ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንደምን ከረምሽ? የደም ግፊትሽ እንዴት አድርጎሻል፣ ዐይንሽስ? ያ ግራ ክንድሽን እየነዘረ እንቅልፍ ይነሳሽ የነበረው ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ብርድ በመጣ ቁጥር ይጎበኝሻል? ሁዳዴን እንዴት ያዝሽው? ዶሮዎችሽስ እንደ እመቤታቸው ሰው መናቃቸውን ቀጥለዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍጹም ደህና ነኝ።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው አትመኛት። በኋላ እመለስባታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክማ አንቺና እኔ ተያይዘን እንዋሻለን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» «በጣም ደህና» ስንባባል መስመሩ ይቆረጣል። ደግሞም ተላላኪ አግኝቻለሁ። እዚህ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ሱቅ ያለው የባቲው ልጅ ዐብዱ፣ የቀረውን ረመዳን ከእናቱ ጋር ሊጾም እሑድ ይሄዳል፤ በእጁ ያደርስልሻል። ዘንድሮ የእሱም የእኔም ጾም በአንድ ሳምንት ገባ። የሻረግ ልጄ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ሁዳዴን አብሮኝ የሚይዝ ሰው ቤት ውስጥ ስለሌለ፣ የጾም ጓደኛዬ ዐብዱ ሆኗል። ባዶ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ስለ ምግብ እናወራለን።

ቤታችን ያው ኬንቲሽ ታውን ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሕንፃው ሊፍት የለውም፣ ሲሠራም አልነበረውም። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው። ከነተሳቢው አሰብ ወርዶ ይመለስ የነበረው ወንድምሽ፣ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ሃምሳ አራት ደረጃ መውረድ አቅቶት ቁጭ ብሏል። ለመጨረሻ ጊዜ መሬት የረገጥኩት ለገና ነው፤ ዐብዱና የልጅ ልጄ ኪዲ በወንበር ተሸክመው እንደ ሙሽራ አወረዱኝ። ዛሬ ረቡዕ አርባ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ከመስኮቱ ሥር ሆኜ 134 ቁጥር አውቶቡስ ሲመላለስ አያለሁ። ሾፌሮቹን በፍሬን አያያዛቸው ለይቻቸዋለሁ። አንዱን «ቅቤው» ብዬዋለሁ፤ ሲቆም አይሰማም። የሌላኛዋን ስም ግን ጾም ላይ ስለሆንኩ አልጽፈውም።

አሁን የኪዲን ወሬ ልንገርሽ፤ የእኔ ጉዳይ ያለ እሷ አይገባሽም። ኪዲ በዓለም ትልቁ የመኪና እሽቅድምድም ውስጥ ከሚወዳደሩት ቡድኖች በአንዱ መሐንዲስ ናት። የቡድኑን ስም እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለች። «ኮምቦልቻ ያለች እኅቴ ምስጢራችሁን ለማን ልታወራው ነው? ለዶሮዎቿ?» ብላት፣ «አባባ፣ ሩል ነው» አለችኝ። አንቱ ማለት ዛሬም አልሆነላትም። ሥራዋ ጎማ ነው። ጎማ ቀያሪ እንዳትመስልሽ፤ ጎማው ስንት ዙር ከሄደ በኋላ እንደሚደክም የምታሰላ ናት። እኔ የአሰብ መንገድ ላይ ይህን በአፍንጫዬ ነበር የማውቀው፤ እሷ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረችው።

ኪዲ አሁን ባሕሬን ናት። ውድድሩ ገና ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ቡድኖቹ ሁሉ አዲሱን መኪናቸውን ይዘው በረሃ ይወርዱና ይሞክሩታል። ዘንድሮ ሕጉ ተለውጦ መኪኖቹ ሁሉ አዲስ ስለሆኑ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚያውቅ የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እነሱ ዘንድ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሙከራው ይጀምራል፤ እኔም ታብሌቴን ከፍቼ እቀመጣለሁ። መኪናው ጎን ላይ ዶሮ ሊሰፍርበት የሚችል የብረት ቆጥ አስረው ይነዱታል፤ ነፋሱን ይለኩበታል። አንዳንዴ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ይደፉበትና ይሮጣል፤ ቀለሙ የተዝረከረከበትን አይተው ነፋሱ በየት እንዳለፈ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሳየው ቀለም ቀቢው የተሳሳተ መስሎኝ አዝኜለት ነበር።

ትልቁ ነገር ግን ነዳጁ ነው፣ እትዬ። ሰዓቱን ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ ሰልባቲዮው ውስጥ ስንት ኪሎ ነዳጅ እንዳለ ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ኪዲ እንደምትለው አሥር ኪሎ ነዳጅ በአንድ ዙር ሦስት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ትጎትታለች፤ ለእነሱ ይህ ዕድሜ ነው። ስለዚህ አንዱ ሙሉ ጭኖ ሲያዘግም ሰነፍ ይመስላል፣ ሌላው ጠብታ ይዞ ሲከንፍ ጀግና ይባላል። ይኼ ለእኔ አዲስ አይደለም። ባዶ መኪና ማንም ይነዳል። ሾፌር የሚታወቀው ጨው ጭኖ የባቲን ዳገት ሲወጣ ነው።

አምና የኪዲ ቡድን በሙከራው የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነዳጁን አራግፎ አዲስ ጎማ አሰረና አንድ ዙር ብቻ ሮጠ። አንደኛ ወጣ። እነሱ ዘንድ «ግሎሪ ራን» ይባላል አለችኝ፤ ለይምሰል የሚሮጥ ዙር ማለት ነው። ጋዜጣው ፎቷቸውን አወጣ፣ ደጋፊው ዋንጫ መጠበቅ ጀመረ። በመጀመሪያው ውድድር አሥራ አራተኛ ወጡ። ኪዲ ከዚያ ስትመለስ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። «አባባ፣ ድሮም አሥራ አራተኛ ነበርን። ሰዉን ያታለልነው እኛው ነን» አለችኝ። እኔም ጀርባዋን እየደባበስኩ ስለ እውነት ጥቅም ረጅም ምክር ሰጠኋት። ዘንድሮ አለቃቸው ሙሉ ነዳጅ ጭነው ብቻ እንዲሮጡ አዝዟል፤ ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀምጠዋል፣ ሰውም ይስቅባቸዋል።

እንግዲህ መካሪውን ስሚው። የሻረግ ለምድር ቤት፣ ደረጃ ለሌለው ቤት፣ የእኛ ቀበሌ እንደማለት ለሆነው ለካውንስል አፕላይ አድርጋልኝ ነበር። ኅዳር ላይ ከካውንስሉ አንዲት ሴትዮ ልታየኝ መጣች። «አሰስመንት» ይሉታል፤ አቅምሽን ፈትነው ይመዘግባሉ። የሻረግ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሥራዋ ላይ ነበረች። ስትወጣ፣ «አባዬ፣ እባክዎ ያመመዎትን ሁሉ ይንገሯት» ብላኝ ነበር። እኔ ግን እንግዳ ይመጣል ሲባል ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ። ተላጨሁ። ለየሻረግ ሠርግ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ሁለት ማስታገሻ ዋጥኩ። ከዘራዬን ከፍሪጁ ኋላ ሸጎጥኳት።

ሴትዮዋ ትሑት ናት። «እንደምን ነዎት?» አለችኝ። «በጣም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ሻይ በራሴ እጅ ቀዳሁላት። የአሰብን ወሬ አወራኋት፣ ሳቀች። ደረጃው ያስቸግረኝ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ «ደረጃ ምን አባቱ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁትና እጄን ብቻ አወናጨፍኩ። ይህ ሁሉ ባልከፋ። ለመሄድ ስትነሣ ግን እንግዳ ነቻ። አባታችን ምድጃ ዳር እንግዳ ሲሰናበት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሃምሳ አራቱን ደረጃ አብሬያት ወርጄ፣ የውጪውን በር ከፍቼ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ ሸኘኋት። በሩ ሲዘጋ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። መነሣት አልቻልኩም። የሻረግ ከሥራ ስትመጣ እዚያው አገኘችኝ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ። «አየር ልወስድ ወርጄ ነው» አልኳት።

መልሱ ታኅሣሥ ላይ መጣ። «ያለ ድጋፍ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል» ይላል። ምድር ቤቱ ቀረ። ለየሻረግ እንዴት ብዬ ልንገራት? በወር ሃያ ቀን ቆማ የምትውል ልጅ ናት። ደብዳቤውን ታብሌቱ ሽፋን ውስጥ ደበቅሁት። እሷም እስከዛሬ መልሱ አልመጣም ብላ ትጠብቃለች፣ ለእኔ ትጸልያለች። ስትጸልይ አሜን እላለሁ፣ እትዬ። ከዚህ የባሰ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ኪዲ ወደ ባሕሬን ከመሄዷ በፊት ሙከራውን የማይበትን ነገር ልታስተካክልልኝ ሽፋኑን ስትከፍተው ወረቀቱ ወደቀ። ቆማ አነበበችው። እኔ በመስኮቱ አውቶቡስ እንደሚያይ ሰው ሆንኩ። «አባባ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰህ ነበር?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። «ግሎሪ ራን ነዋ የሮጥከው» አለች። ስቃ ቢሆን በቀለለኝ። እዚያው ስልኳን አንሥታ፣ እኔኑ አስፈቅዳ፣ ሴትዮዋ ድጋሚ እንድታየኝ አስቀጠረች፤ ነገ ሐሙስ ነው። ለየሻረግ የምነግራት ግን እኔው ራሴ እንደሆንኩ አስጠንቅቃኝ ሄደች። የሻረግ ከሥራ ልትገባ አንድ ሰዓት ቀርቷታል። እስከዚያ ብዕሬን ላስቀምጥ። የባቲን ቁልቁለት ያለ ፍሬን እንደመውረድ ሆኖብኛል።

ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቀጠልኩ።

ለየሻረግ ነገርኳት። ጮኻ ብትቆጣኝ ምላሽ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ተነሣችና የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠበች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ያን ቀን ደረጃው ላይ አየር ሊወስዱ አልነበረም ማለት ነው» አለች። «አልነበረም» አልኳት። ሐሙስን ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች።

ሴትዮዋ መጣች። ያችው ናት። ማስታገሻ አልዋጥኩም፤ ያልተላጨሁ፣ ጋቢ የደረብኩ፣ ከዘራዬን ጭኔ ላይ ያጋደምኩ ሽማግሌ ሆኜ ጠበቅኋት። እንደዚያ ሆኖ ሰው ፊት መቀመጥ ራቁትን ከመቀመጥ አይሻልም። «እንደምን ነዎት?» አለች። «ደህና ነኝ» አፌ ላይ ተሰልፋ ቆማ ነበር፤ ፍሬን ያዝኩባት። «ደህና አይደለሁም» አልኳት። ወረቀቷን አገላበጠችና፣ «ባለፈው ግን እስከ በሩ አብረውኝ ወርደው ነበር» አለችኝ። «እንግዳ ነበርሽ» አልኳት። የሻረግ በእንግሊዝኛ አብራርታ፣ ሁለት ሰዓት የተቀመጥኩትንም ጨምራ ነገረቻት። ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ አየችኝ። ከዚያ እስቲ ይሞክሩ አለችኝና ደረጃው ዘንድ ሄድን። ስድስት ወረድኩ። ስድስቱን ለመመለስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ መጨረሻው ላይ የሻረግ ብብቴ ሥር ገብታ ነው ያወጣችኝ።

ምንም ቃል አልገባችልኝም። መልሱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቢፈቀድም ምድር ቤት እስኪገኝ ዓመት ሊሆን ይችላል ብላለች። ካፖርቷን ስትለብስ እግሬ በራሱ ጊዜ ሊነሣ ከጀለ። የሻረግ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «ቁጭ ይበሉ፣ አባዬ» አለችኝ። ልትሸኛት ስትል ደግሞ ሴትዮዋ «ግዴለሽም፣ ከአባትሽ ጋር ሁኚ» አለቻት። ብቻዋን ወረደች። ኮቴዋን ቆጠርኩ። ሃምሳ አራት። በሩ ሲዘጋ ሰማሁት። ከቤቴ እንግዳ ብቻውን ሲወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ከጉልበቴ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው፣ እትዬ።

ሙከራው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ኪዲ አሁን ደወለችልኝ። አሥራ አንደኛ ናቸው፤ ድምፅዋ ግን የአንደኛ ነው። «ቢያንስ አሥራ አንደኛ መሆናችንን እናውቃለን» አለችኝ። «እኔስ ስንተኛ ወጣሁ?» አልኳት። «አንተ መጨረሻ ነህ አባባ፤ ግን ሙሉ ጭነህ ነው የሮጥከው» አለችኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጅሽ እሌኒ ለየሻረግ ነግራታለች፤ በጥምቀት ሰሞን ጓሮ ወድቀሽ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድሽም። ሦስቱንም ቀን ደውዬልሽ ነበር። ሦስቱንም ቀን «ከምንጊዜውም በላይ ደህና ነኝ» ብለሽኛል፤ በሦስተኛው ቀንማ እንዳምንሽ ብለሽ አንጎራጎርሽልኝ። አንቺና እኔ ከአንድ ጋራዥ ነው የወጣነው።

ከላይ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር ልሰርዛት ነበር፤ ውሸታችን እንዴት እንደሚያምር እንድታዪው ብዬ ተውኳት። እውነቱ ይኼ ነው። ደህና አይደለሁም። ጉልበቴ አልቋል። ቤቱ በየቀኑ ይጠብብኛል። የደረጃው ቁጥር አልቀነሰም፤ አርባ አራተኛ ቀኔ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይህች መስኮት የመጨረሻዋ መንገዴ ትሆን ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ይኸው ጭነቴ። አንቺም የጫንሽውን ኪሎ ሳታጎድዪ ጽፈሽ ለዐብዱ ስጪው። «ደህና ነኝ» የሚል ቃል ካለበት፣ ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ።

ለእሌኒ፣ ስለ አንቺ እውነቱን ስለተናገረች፣ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እንዳትቆጪያት። ለባሏ ለአለማየሁ፣ ጓሮው ላይ ያን አዳላጭ ድንጋይ ካላነሣ በዐብዱ በኩል ዱላ እንደምልክለት ንገሪው። ለልጃቸው ለትንሿ ዝማሬ፣ ኪዲ ቀይ የእሽቅድምድም ቆብ ልካላታለች፤ ቡድኑን እንዳትጠይቅ፣ ምስጢር ነው። ዶሮዎቹንም ሰላም በያቸው፤ መልስ ግን አልጠብቅም።

የሻረግ «የእትዬን ጉልበት ስሜያለሁ ይበሉልኝ» ብላለች።

እስከ በር ያልሸኘሽ፣ ቁጭ ብሎ የሚሰናበትሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ጥላዬ

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
የካቲት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.