ተደግፈሽ የቆምሽበት ጎን

ለእህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ደብዳቤ ሰላምታ ሳይቀድመው አይጻፍም ብሎ ያሳደገን አባባ ስለሆነ፣ እሱን አክብሬ ጠየቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴም ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። የእሷን አድርሻለሁ። የእኔን አትጠብቂ።

የላክሁልሽ የምስክርነት ቅጽ ሳይፈረም ተመልሶ ደርሶኛል። ከጀርባው በእርሳስ፣ «ይቅርብህ። ማሽኑም እንደተዘጋ ይቆይ» ብለሽበታል። ከአባባ ቀብር ወዲህ በስምንት ዓመት ውስጥ የጻፍሽልኝ ይኸው ነው፤ አራት ቃል።

የጠየቅኩሽ ከባድ ነገር አልነበረም። የድሮ የጨዋታ ማሽኖች ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው። አዘጋጇ ልጅ ሆና ወደ አባባ ጌም ቤት ትመጣ ነበርና የተኩስ ጨዋታውን ማሽን አልረሳችውም። እሱን አቁማ፣ ከጎኑ ነጥቤንና ስሜን የያዘ የነሐስ ሰሌዳ ልትሰቅል ፈለገች። አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ስድስት መቶ። ማሽኑ ሲጠፋ ነጥቡን ስለሚረሳ፣ በእጄ ያለው ማስረጃ አባባ ያን ቀን ስክሪኑን ያነሳው ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ በቦታው የነበረ ሰው ይመስክር አለች። አባባ የለም። እማማም የለችም። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

በቦታው አልነበርኩም እንዳትዪኝ። በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ የሰማያዊ ሹራብሽ እጅጌ ይታያል። አዘጋጇ፣ «ይህቺን እጅጌ ቆርጠን እናውጣት?» ስትለኝ፣ ቁረጪያት ብያታለሁ። እንድታውቂው ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ካነሳሁት አይቀር ልጨርሰው። እኔ ስጫወት ሁልጊዜ የማሽኑን ግራ ጎን ተደግፈሽ ትቆሚ ነበር። ቤቱ ሌላ ግድግዳ የሌለው ይመስል። ትንፋሽሽ ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ፈቀቅ በይ ስልሽ፣ «አንተ ዓይንህን ከስክሪኑ አታንሳ» ብለሽ እዚያው ትገተሪያለሽ። አባባ ሥራ ሲያዝሽ እንኳ፣ «ይቺን ጨዋታ ይጨርስና» ትዪው ነበር። ያኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ስወድቅ ለማየት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለአንቺ ነው።

ደንበኞቹ መትረየሱ ብለው ስም ያወጡልኝ በሁለት የተቀጠቀጡ ጣቶች ነው። በጎልማሳ እጅ የማይቻለውን ተኩስ በነዚያ ጣቶች እተኩስ ነበር። ስለ ጣቶቼ አንድም ቀን አንስቼብሽ አላውቅም። የሱቁን ተጠቅላይ በር ስበሽ ያወረድሽባቸው አንቺ ነሽ፤ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ስምንት። እማማ በየማዕዱ ታነሳው ነበር፤ እሱ የእሷ ነው። እኔ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን ግን በምን መለስሽው?

ያን ነጥብ ያስመዘገብኩ ቀን አርባ ሰባት ደቂቃ ተጫወትኩ። ሲያልቅ ሰው በትከሻው አነሳኝ። አባባ ካሜራ ፍለጋ እየሮጠ ከበሩ ጋር ተጋጨ። አንቺ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ ዳሌሽን ታሺ ነበር፤ ፊትሽ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት። ከሰው ትከሻ ላይ ሆኜ አየሁሽ። ደስታዬን ቆመሽ ማየት እንኳ አቃተሽ።

ሌላም አልረሳሁም። ጨዋታ ሲያልቅ ማሽኑ ለስምህ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ ይላል። ብዙውን ጊዜ አሥሩም መስመር የእኔ ነበር። አንቺ አንዳንዴ ተጫውተሽ ጥሩ ነጥብ ብታመጪ እንኳ አትጽፊም፤ ማሽኑ ስም ላልጻፈ ሰው የሚለጥፈውን ሦስት ኤ ትተሽ ትሄጃለሽ። «ሦስቴ ኤ መጣች» እያሉ ይሳለቁብሽ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂያለሽ። የራሱን ስም የናቀ ሰው የሌላው ስም ሲጻፍ ያመዋል፤ ይኸው ዛሬም አመመሽ።

ከሁሉ በላይ ያን ቀን። ለትምህርት በሄድሽ በሦስተኛው ቀን አንድ ባለታክሲ በጨዋታው ሊገጥመኝ መጣ። ጌም ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ጀመርኩ፤ አዝራሩ ሞቷል። እጫናለሁ፣ የሚወጣው ጥይት ግን ግማሹ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ትልቅ መርከብ ሦስቴ ገደለኝ። ባለታክሲው፣ «መትረየሱ ዝናብ መታው መሰለኝ» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እህቴ ናት፣ ማሽኑን አበላሽታው ሄደች ብዬ ጮህኩ። አባባ መጥቶ አዝራሩን ራሱ ሞከረው። ደህና ነው፣ አንተ ነህ የዛልከው አለኝ፤ በሰው ፊት። ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን አልተጫወትኩም። ከመሄድሽ በፊት ለአባባ ማሽን የምትጠግኚበትን የብየዳ ዕቃሽን ይዘሽ ከማሽኑ ኋላ ስትጎነበሺ በዓይኔ አይቼሻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት ያንኑ ጨዋታ ለአዲሱ ኮንሶል ሲያወጡት ገዛሁት። የሦስተኛውን ደረጃ መርከብ ማለፍ አቃተኝ። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ምስሉን ያዘገያል ተብሎ የድሮውን ኮንሶል ከዚያው ጨዋታ አሮጌ ካሴት ጋር ፈልጌ፣ ከወፍራሙ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ያው ነው። ሚስቴ፣ «ትናንት ቴሌቪዥኑ፣ ዛሬ ጆይስቲኩ፤ ነገ ደግሞ ሶፋው ነው የምትለኝ» አለች። እሷ የዚያን ጊዜውን አላየችም።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። የነጋዴ ሚዛን እመረምራለሁ። የተጠረጠረ ሚዛን ይታሸጋል፤ መርማሪ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። የአባባን ማሽንም ጌም ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ በሸራ ሸፍኜ፣ አንድ ቀን እስክከፍተው እንደታሸገ አቆይቼዋለሁ። እንደተዘጋ ይቆይ ስትዪኝ ቀኑ እንደደረሰ ገባኝ። ለማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። የቆረጥሽውን ሽቦ አግኝቼ፣ ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር እልክልሻለሁ።

*

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።

ከላይ ያለውን አልቀደድኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቱም እንዳለን አንብቢን።

ያገኘሁትን በሥራ ላይ እንደምጽፈው እጽፋለሁ። የተቆረጠ ሽቦ የለም። አዝራሩ ደህና ነው። ያን ቀንም ደህና ነበር። ከአንደኛው ተጫዋች አዝራር ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በሊድ ተበይዳለች። ብየዳው ንጹሕ ነው። ከእሷ የወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማሽኑ ግራ ጎን ወርደው፣ ያ የመንኮራኩር ምስል ከተለጠፈበት ጀርባ ያበቃሉ። እዚያ የደጅ ደወል መጥሪያ አለ። የቤታችን ነው። አባባ ሌባ ወሰደው ብሎ ሰፈሩን ሳምንት ሙሉ ሲረግም የከረመበት ደወል። ከፍታውን ለካሁት፤ ሰማንያ ስምንት ሳንቲሜትር። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ዳሌ ነው።

ማሽኑን ለኮስኩት። ስክሪኑ ለመሞቅ ጊዜ ወሰደ፣ ከታች በኩል ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይሠራል። አዝራሩን አሥር ጊዜ ተጫንኩ፤ አሥር ጥይት ወጣ። ሚስቴ ከጎን የመንኮራኩሩን ምስል በአውራ ጣቷ እንደተጫነች አሥር ጊዜ ደገምኩ፤ ሃያ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፣ ሦስቱም አንድ ነው። ሚዛን ቢሆን ወዲያው እወርሰው ነበር።

መጥሪያው የሚሠራው ተጭነው ሲይዙት ብቻ ነው፤ ስፕሪንጉም ጠንካራ ነው። ሚስቴ በእጇ ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። በዳሌሽ ተደገፊው አልኳት። ተደገፈችው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈቀቅ ስትል ያው መርከብ ገደለኝ። «ስንት ደቂቃ ነበር ያልከው ያ ጨዋታ?» አለችኝ። አርባ ሰባት ደቂቃ አልኳት። ዳሌዋን እያሸች፣ «መትረየሱ እያልን ስንኮራብህ፣ ጥይት አቀባይዋ ሌላ ነበረች ለካ» አለች።

ቦርዷ ላይ ቀን ተጽፏል። ጥገና ያለ ቀን አይተውም ብሎ አባባ ያስለመደሽ ነው። ቀኑ ከመጀመሪያው ድሌ አሥር ቀን ይቀድማል። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። ስለዚህ አንድም አልተረፈችም። ከአሥሩ መስመር አንዲቷን፣ የታችኛዋን እንኳ ለጣቶቼ አልተውሽላቸውም።

አሁን ቀዝቅዞለታል ብለሽ እንዳታስቢ። ቅዳሜ ከጻፍኩት ይልቅ ዛሬ ተናድጃለሁ። ሌባ ብትሆኚ የወሰድሽውን አምጪ እልሽ ነበር። የሰጠሽኝን ግን በየት በኩል ልመልሰው? ማን ለመነሽ? አባባን ሰው ሁሉ የልጅህ እጅ ተአምር ነው ሲለው፣ አንቺ እዚያው ቆመሽ ትሰሚ ነበር። አበላሽታው ሄደች ብዬ ስጮህም ወሬው ደርሶሻል፤ እማማ በስልክ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። አንድ ቃል መመለስ አቃተሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ሚዛን አስይዘሽ አኖርሽኝ። እኔ ደግሞ በእሱ መዘንኩሽ።

ስለ በሩ ዛሬም አላነሳም።

አራቱን ቃል ግን እንደገና አነበብኳቸው።

በሄድሽ ሰሞን ከማሽኑ ኋላ ተጎንብሰሽ ያየሁሽንም ሳስበው ዋልኩ። ልታነሺው ነበር መሰለኝ፤ የአንደኛው ብሎን አናት በመፍቻ ተፍቆ ተበላሽቷል። ሳታነሺው ሄድሽ። ሌላ ሰው ይደገፍለታል ብለሽ ይሆን? ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ እንድትመልሽልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌላውን ተዪው።

ከሰዓት በፊት አዘጋጇን በስልክ አግኝቻታለሁ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። የተነካካ ማሽን ነጥብ አይመዘገብም አለች፤ ልክ ናት፣ እኔም ብሆን አልመዘግበውም። የነሐስ ሰሌዳው ቀርቷል። ቀጥላ ግን፣ «ይህን በአሥራ ስምንት ዓመቷ የሠራችው ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ደግማም ጠየቀችኝ። ባለቤቶቻቸው በእጃቸው የጠገኗቸውና የቀየሯቸው ማሽኖች የሚቆሙበት ሌላ ክፍል አላቸው። የእኛን እዚያ፣ ጎኑን ከፍታ፣ ቦርዷና ደወሉ እንዲታዩ አድርጋ ልታቆመው ትፈልጋለች። ፎቶውን ምን እናድርገው ስትለኝ ይሰቀል አልኳት። እጅጌዋን እንዳትቆርጭ አልኳት። ባለፈው ቁረጪ ብለኸኝ አልነበር ወይ ስትል፣ ሰው ይሳሳታል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሽቦውን አልቆረጥኩትም። ማሽኑን ከማጥፋቴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻዬን፣ ማንም ሳይደገፍልኝ ተጫውቻለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ። የሦስተኛው ደረጃ መርከብ እንደ ልማዱ ነው። ሦስት ፊደል ጻፍ ሲለኝ ምንም አልጻፍኩም፤ ማሽኑ የሚሰጠውን ሦስት ኤ ሰጠኝ።

አዲሱ ቅጽ ከዚህ ጋር ታሽጓል። የሚፈልገው ምስክር አይደለም። «የሠራው» በሚለው ሥር ሙሉ ስምና ፊርማ ይጠይቃል። ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ አልጻፍኩም። በራስሽ እጅ ጻፊው። መስመሩን ለክቼዋለሁ፤ አሥራ አራት ሳንቲሜትር ነው፣ ከሦስት ፊደል በላይ ይይዛል። ይህንንም ባዶውን ብትመልሺው እውነተኛውን ጠብ ያኔ ታዪዋለሽ። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ስምሽ እዚያ ከተሰቀለ፣ መጥተሽ ማየት የእኔ ሳይሆን የአንቺ ጉዳይ ነው። ትርፍ ክፍል አለን፤ ይህንን ያለችው ሚስቴ ናት።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። አንቺን ያክብርሽ ለማለት ገና አልበረደልኝም። ዳሌሽን ግን ይማርልሽ፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ