በሽንት ቤታችን ስለፈሰሰው ጠበል

ለክቡር የሰፈራችን የውኃ ሥርጭት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው የፈረቃ ሰሌዳ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ማራኪ ሰፈር የምኖረው የፊዚክስ መምህር ምስጋናው ከውኃ ናፍቆት በቀር ከነእናቴ አለሁ። ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው፤ ጤና የጎደለው ሰው ሽንት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቀው በዚህ ወር አይቻለሁና።

እናቴ ወይዘሮ ዓይናዲስ በዳባት ገጠር ውስጥ ጭቃ አዳልጧት የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ እዚህ ጎንደር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሟ ለሦስት ወር ቁጢጥ እንዳትል፣ ውኃም አብዝታ እንድትጠጣ አዝዟል። እኔ ዘንድ ያረፈችውም ቤቴ ተቀምጠው የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ስላለው ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፈረቃው። ሰሌዳው ማክሰኞና ዓርብ ይላል፤ የየትኛው ወር ማክሰኞ እንደሆነ ባለመግለጽዎ ተስፋችን እንዳይቆረጥ አድርገዋል። ባለፈው ለአሥራ አራት ቀን ጠፍቶ የከረመው ውኃ ሲመለስ በመጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ በመጨረሻም ቁጣውን ይዞ መጥቶ የሽንት ቤቱን ሳጥን ተንሳፋፊ ኳስ ከነዘንጉ ሰብሮት ሄደ። ስለ ግፊት ሳስተምር ከእንግዲህ ምሳሌ ፍለጋ መጽሐፍ አላገላብጥም።

፪. ስለ ድንበሩ። ለማመልከት በመጣሁ ጊዜ ባልደረባዎ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የእናንተ፣ ወዲህ ያለው የእኔ መሆኑን በትሕትና አስረድተውኛል። እንዲህ የጠራና ማንም የማይከራከርበት ድንበር በዚህ ዘመን ማየት መታደል ነው። ወዲያ ያለው ኃይለኛ ውኃ ወዲህ መጥቶ ስለሰበረው ነገር ግን ድንበሩ ምንም አይልም።

፫. ስለ ቧንቧ ሠራተኛው። ይህ እንኳ በቀጥታ የእርስዎ ሥራ አይደለም። እንኳየሁ የሚባለው የሰፈራችን ባለሙያ ውኃ በሌለበት ቤት ሠርቶ መሞከር ስለማይችል ውኃው ሲመጣ እንድጠራው ነገረኝ። ውኃው ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ይጠራል፤ እሱ ከሰፈሩ ላይኛ ጫፍ ጀምሮ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ውኃው ይሄዳል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከጎረቤቴ ከአያ በላቸው መፍቻ ተውሼ ራሴ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ቴፕ ሁለት ጊዜ በተቃራኒው ጠመጠምኩት። አጥብቄ ሳስር አንዱን ብሎን ሰነጠቅኩት። የሚያፈሰውን መገጣጠሚያ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ ደፈንኩት፤ በኳሱ ምትክ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የዘይት ጠርሙስ አሰርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የጎደለኝ መሞከሪያ ውኃ ብቻ ነበር።

በቤታችን ሰባት ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ሰባቱም ባዶ ነበሩ። ከእናቴ አልጋ ሥር ግን አንድ ስምንተኛ ሙሉ ጀሪካን አየሁና፣ ከደስታዬ ብዛት ሳልጠይቅ ሳጥኑ ውስጥ ገለበጥኩት። አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም። እጀታውን ስጫነው እየተንደቀደቀ ወረደ፤ እኔም ነይ እይልኝ ብዬ እናቴን ጠራኋት።

ጠበል ነበር፣ ክቡር ሆይ። አጎቴ አያ ቢሻው ከደጋ ግማሽ ቀን ተሸክሞ፣ ከዚያ በመኪና አሳፍሮ ያመጣላት፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ የምትጠጣውና ዳሌዋን የምትታሽበት የሚካኤል ጠበል ነበር። እናቴ በከዘራዋ ተደግፋ መጥታ ባዶውን ጀሪካን አየችና «ምነው ልጄ፣ ጠበሉን ነው?» ብላ ብቻ አማተበች። ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር።

አሁን ሽንት ቤቱ በደንብ ይሠራል፣ እናቴ ግን ጠበል በወረደበት አልቀመጥም ብላለች። የነፍስ አባታችን ለእኔ የንስሐ ስግደት ከሰጡኝ በኋላ፣ ሳጥኑ ሰባት ጊዜ ሞልቶ በንጹሕ ውኃ ከታጠበ ይበቃል ብለው አስታረቁን፤ እሷም ተስማማች። በጋሪ ከሚመጣው ውኃ ገዝቼ ላጥበው ስል ግን ከለከለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት ናትና፣ ሰው ደክሞ የቀዳውን ውኃ እዚያ ማፍሰስ ግፍ ነው ትላለች። በራሱ እግር በቧንቧ የሚመጣውን ነው የምትጠብቀው፤ በእርስዎ ላይ ያላት እምነት ከእኔ ይበልጣል።

እስኪመጣም ድረስ መጠጣት አቁማለች። ወደ ጓሮው የጉድጓድ ሽንት ቤት በሁለት ሰው ተደግፋ መሄዱ ስለሚያሳፍራት፣ በቀን አንድ ሲኒ ውኃ ትጎነጫለች፤ የቀረውን ጠጣሁ ትለኛለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ትናንት ስትነሳ አዙሯት ግድግዳ ይዛ ቆመች። በዚያ ላይ ጓዟን ጠቅልላ ለቅዳሜ ወደ ዳባት መመለሻ መኪና ፈልግልኝ ብላኛለች፤ የሐኪሟ ቀጠሮ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ማሾፌን ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። እናቴን በስብራት ሳይሆን በውኃ ጥም እንዳላጣት ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ፈረቃው ይስተካከል፣ ቢሮው ይጠየቅ፣ እርስዎም ይነሱ አልልም። ከቅዳሜ በፊት ሰባት ሳጥን ውኃ ብቻ ይላኩልን። ሲመጣ እንድሰማው የቧንቧውን አፍ ከፍቼ ትቼዋለሁ።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ የእኔ መሆኑን አምኜ የተቀበልኩ፣
ለክብርዎ ዘወትር ጎንበስ የምል፣ ሰሞኑን ግን ከሽንት ቤቱ ሳጥን ሥር ጎንበስ ያልኩ ደንበኛዎ፣
ምስጋናው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ አነበብኩላት። ሰው አይዘለፍም ብላ ሁለት መሥመር አሰረዘችኝ፤ በምትኩም ይህን አስጻፈችኝ፦ «ለእኒያ ሰውየ እናት ካለቻቸው ዕድሜ ይስጥልኝ። ጉልበቷን ይጠብቅልኝ። ሲጠማትም ሳትሰጋ የምትጠጣ ያድርግልኝ።»