ከውጭ የገባ ድምፅ

«በዚህ አዲስ እትም ከውጭ የገቡ አላስፈላጊ ድምፆች በሙሉ ተወግደዋል፤ አድማጭ ንጹሕ ሙዚቃ ያገኛል።»

ይህን በሸክላችን ልባስ ጀርባ ያሳተምከው አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? የምጠይቅህ፣ የተቆጣ ሰውም ቢሆን ሰላምታ አይዘልም ተብለን ስላደግን ነው። እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደኅና ነኝ። እሱም ቢሆን እስከ ትናንት አርፎ ተቀምጦ ነበር።

«ንጹሕ ሙዚቃ» አልክ። እኛ በወጣትነታችን የሠራነው ሃርድኮር ፓንክ ነው። ረጅሙ ዘፈናችን እንቁላል እስኪቀቀል አይቆይም። አንተ ጊታር ትገዘግዛለህ፤ ከበሮ መቺያችን ሌባ እንደያዘ ሰው ይደበድባል፤ እኔ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ እንደሚነቅሉት ሰው እጮሃለሁ። ከዚህ መሀል ጫጫታ ለይቶ ማውጣት፣ ከባሕር ውስጥ እርጥቡን ለቅሞ እንደማውጣት ነው።

ደግሞም ሕግ ነበረን። በምንቀዳበት በልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በከሰል የጻፍከው አንተው ነህ፦ የተሳሳተ እንደተሳሳተ ይቅር፣ ሁለተኛ አይቀዳም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የጊታር ክርህ ሲበጠስ «ውይ ጣቴን!» ያልከው በክብር ተቀምጧል፤ ሰምቼዋለሁ። የተወገደው የአራተኛው መጨረሻ ብቻ ነው።

ማይኩን ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅለነው ነበር። እማዬ ባልዲዋን ታቅፋ፣ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ምን ሆናችሁ ነው፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ አለች። ቀጥላም፣ አንተ ትልቁ፣ ጉሮሮህ ሊበጠስ ነው፣ ና ውሃ ጠጣ አለችኝ። ከዚያ እርጥብ አንሶላዋን ማይኩ ላይ አሰጣችበት። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ያለቀው በዚህ ነው፤ ሦስታችን ተሰብስበን የተሻለ ማለቂያ አናመጣም ነበር።

ትናንት ልጄን አስቀምጬ አያትሽን ላሰማሽ አልኳት። በሕይወት አልደረሰችባትም። እማዬ ፎቶ እንጂ ድምፅ አልተወችልንም፤ ያለችን ድምፅ ይህችው ናት። ልጅት ዘፈኖቹን ጥርሷን ነክሳ ቻለች። አባዬ፣ ምን አድርገውህ ነው እንዲህ የምትጮኸው ብላ ጠየቀችኝ። ታገሺ፣ አሁን ትገባለች አልኳት። አራተኛው አለቀ። ጸጥ አለ፤ ንጹሕ ጸጥታ። ታዲያ የታለች አለችኝ።

አሮጌውን ሸክላህን ለምን አላሰማሃትም ትል ይሆናል። የእኔው ተበልቷል። ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ነው፤ መርፌው የሚዘለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። መሐንዲስ ነኝና አንድ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ለምን እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ላንተ ግን አልነግርህም።

የቀዳንበት ዋናው ካሴት አንተ ዘንድ ነው። ካለ፣ ሳትነካካው፣ ሳታጠራው ላክልኝ። ጥለኸው ከሆነም በስልክ እንዳትነግረኝ፤ በስልክ ድምፄን አላምነውም።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ማስተዋሉንም አብሮ ይጨምርልህ። ይህን የጻፍኩት ውሃ ጠጥቼ ነው። መልስህን በጽሑፍ፣ እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ እጠብቃለሁ።

ትልቁ